የስኮትላንድ ሥልጣን ከማን የመጣ ነው?

አንድ ጽሑፍ ስኮትላንድን «እንደ እኛ አገር ክልል ናት» ብሎ ሲያልፍ አነበብኩ፤ ይህ አልተዋጠልኝም። ላይ ላዩን ሲያዩት ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ለለንደን የሚቀሩትን ጉዳዮች፣ ማለትም መከላከያን፣ የውጭ ግንኙነትን፣ ኢሚግሬሽንንና ሌሎችንም ይዘረዝርና የተረፈውን ለኤድንብራ፣ ማለትም ለስኮትላንድ ፓርላማ ይተዋል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ያለው ሰጪው ላይ ነው። ያው የ1998 ሕግ የለንደኑ ፓርላማ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ እንዳልተነካ በግልጽ ይናገራል። በጃንዋሪ 2023 የለንደን መንግሥት የዚህኑ ሕግ አንቀጽ 35 ለመጀመሪያ ጊዜ መዝዞ ኤድንብራ ያሳለፈችውን የጾታ ዕውቅና ሕግ (በሕግ የተመዘገበ ጾታን መቀየርን የሚያቀልል) አግዶታል። እኛ ዘንድ የክልል ሥልጣን ከሕገ መንግሥቱ ይመነጫል እንጂ የፌዴራሉ ፓርላማ ችሮታ አይደለም። በተግባር ምን ያህል ይከበራል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው።

ይህ የሕግ ባለሙያዎች ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግላስጎው የሚኖር ጥገኝነት ጠያቂ ወገናችን ልጁን የሚያስተምርለት የከተማው ምክር ቤት ነው። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ፋርማሲ ገብቶ ያለ ክፍያ ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በስኮትላንድ ለሁሉም እንዲሁ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ይከፍልበታል። የመኖሪያ ፈቃዱን ውሳኔ የሚጠብቀው ግን ከለንደኑ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ጉዳዩ ሲጓተትበት ለኤድንብራው ተወካይ አቤት ከማለት ይልቅ የዌስትሚንስተሩን፣ ማለትም የለንደኑ ፓርላማ ተወካዩን ቢይዝ ይሻለዋል።