እኔ ዲኤም እንጂ ጸሐፊያችሁ አይደለሁም

ኧረ በናታችሁ ዛሬስ ልተንፍሰው። ረጅም ካምፔይን (በየጊዜው እየተገናኙ የሚቀጥሉት የጨዋታ ታሪክ) ያጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ያላጫወተ ደግሞ ይስማ ምናባቱ።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከ1974 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) ያለ ጨዋታ ነው፣ ጠረጴዛ ከቦ በወሬና በዳይስ የሚጫወቱት፣ መሰሎቹም ብዙ ናቸው። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ካራክተር ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ዲኤም፣ ማለትም አጫዋች፣ ይሆንና የቀረውን ሁሉ ይሸከማል፣ ንጉሡም እሱ፣ ጭራቁም እሱ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤትም እሱ፣ ዝናቡም እሱ። እሱስ ይሁን፣ ወድጄ ነው የገባሁበት። ያልተስማማሁበት ነገር አምስት ትልልቅ ሰዎችን "መቼ ትችላላችሁ" እያልኩ ስለምን መኖር ነው።

ግሩፑ ላይ ፖል አወጣለሁ፣ ቅዳሜ ወይስ እሁድ። ሁለቱ አይተው ዝም። አንዱ ፖሉን ትቶ ከስሩ አውራ ጣት ያስቀምጣል፣ አውራ ጣቱ ለየትኛው ቀን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አንዷ "ለኔ ሁሉም ይመቸኛል" ትልና አርብ ማታ "ውይ ነገ ነው እንዴ? እኔ እኮ እሁድ መስሎኝ" ብላ ቁጭ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ሁሉ ደርሶ፣ ካርታው ተዘርግቶ፣ "ጋይስ ዛሬ አልችልም" ብሎ የሚልከው ነው፣ ከጎኑ የምትስቅ ኢሞጂ አለችበት። ምን ያስቃል???

እዚጋ እንዳትሳሳቱብኝ፣ ልጅ ያለው፣ ፈረቃ የሚሰራ፣ ፈተና የደረሰበት ሰው ቢቀር ምንም አልልም። ማክሰኞ ላይ "አልችልም" ያለኝን ሰው እኮ እወደዋለሁ፣ ታሪኩን አስተካክላለሁ። እኔን የሚያሳብደኝ ዝምታው ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ የምዘጋጀው ለሚመጣው ሰው ነው። ባለፈው ለባርዳችን (አዝማሪው ካራክተር ነው) ብዬ ከልጅነቱ የጠፋውን ወንድሙን እስር ቤት ውስጥ አስቀመጥኩለት፣ የሚናገረውን ጻፍኩ፣ ድምፁን ሳይቀር መስታወት ፊት ተለማመድኩ፣ እና የባርዱ ባለቤት፣ ባርዱን ይዞ የሚጫወተው ልጅ ማለቴ ነው፣ ቀረ። የቀሩት እስረኛውን አገኙት። እኔ በተለማመድኩት ድምፅ "ወንድሜ... ወንድሜን ታውቁታላችሁ?" ስል አንዱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ኪሱን እፈትሻለሁ" ብሎ ዳይሱን ወረወረ። ሃያ ጣለ ደግሞ፣ ትልቁን ቁጥር! ስንት ሳምንት ያሰብኩት ትዕይንት በሁለት ሳንቲምና በአንድ የዛገ ቁልፍ አለቀ።

ከዛ ወር ይዘለላል። ስንመለስ ማንም ምንም አያስታውስም። "ባሮኑ ማን ነበር?" ይሉኛል። ባሮኑ እኮ... ካምፔይኑ በሙሉ ስለባሮኑ ነው!! በአምስተኛው እትም ህግ አንድ የውጊያ ራውንድ 6 ሰከንድ ነው፣ እኛ ደግሞ ውጊያ መሃል ነው ያቆምነው፣ ስለዚህ ካራክተሮቹ ሰይፍ እንደሰነዘሩ ወር ሙሉ ቆመው ይጠብቁናል ማለት ነው። ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ ጋይጋክስ በ1979ኙ የዲኤሞች መጽሐፉ ላይ ጊዜ በጥብቅ ካልተመዘገበ ካምፔይን ትርጉም አይኖረውም ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፏል። እሱ እንኳን ያለው ስለጨዋታው ውስጥ ጊዜ ነው፣ እሱን እኔ እይዛለሁ፣ የናንተን ጊዜ ማን ይያዝልኝ?

ስትመጡም እኮ... "ተራህ ነው" ስል ከስልኩ ቀና ብሎ "እ? ማንን ነው የምንመታው?" የሚል ሰው አለ። ዊዛርዳችንም (አስማተኛው) ፋየርቦል የሚባለውን የእሳት አስማት ከሌቭል 5 ጀምሮ ይዞት እየዞረ ዛሬም "ስንት ዳይስ ነበር?" ይላል። 8 ነው። ባለስድስት ጎኑ፣ 8። በጻፍከው ምን ነበረበት።

ህጉ እስከ ሌቭል 20 ያስኬዳል፣ እኔ እስካሁን 20 ያየሁት ዳይሱ ላይ ብቻ ነው።

"ሴሽን ዜሮ አድርግ" የምትሉኝ አላችሁ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ቁጭ ብሎ መስማማት ማለት ነው። አድርጌያለሁ፣ ሁሉም እየማለ ነው የወጣው። "ኦንላይን ይሻላል"ም ሞክረናል፣ ማይኩን አጥፍቶ ሌላ ጌም የሚጫወት ሰው ነው ያተረፍኩት። ይልቅ የገረመኝ ቤን ሮቢንስ የሚባለው ዲዛይነር ዌስት ማርችስ ብሎ ያጫወተው ካምፔይን ነው፣ እዛ ቋሚ ቀን የሚባል የለም፣ ቋሚ ቡድንም የለም፣ መቼ እንደሚጫወቱ፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱና የት እንደሚሄዱ የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ተጫዋቾቹ! ይሄን ሳነብ እንባዬ ነው የመጣው። ለኛ ታሪክ እንዳለ አይሆንም፣ የኛ በአንድ መስመር የሚሄድ ስለሆነ ሰው በተቀያየረ ቁጥር ይበጣጠሳል፣ ቀን መቁረጡ የተጫዋቾች ስራ መሆኑን ግን ወስጃለሁ።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ እኔ ፖል አላወጣም። ከናንተ አንዱ ያውጣ፣ በየወሩ ተቀያየሩበት፣ ቀኑን እስከ ሐሙስ ንገሩኝ፣ ካልነገራችሁኝ አልዘጋጅም፣ ፊልሜን አያለሁ። ሦስት ሰው ከመጣ እንጫወታለን፣ የቀረ ሰው ካራክተር ፈረስ ይጠብቃል። ማስታወሻም እናንተ ናችሁ የምትይዙት፣ ባሮኑ ማነው ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ባሮኑ ራሱ መጥቶ ይመልስለታል። ቀርቶ ሲያበቃ ሌቭል የሚያሳድገውን ነጥብ ፈልጎ "ለኔም ኤክስፒ ይሰጠኛል አይደል?" ለሚለው ደግሞ፣ አይሰጥህም።

የባርዱ ባለቤት፣ ወንድምህ ተገኝቷል፣ ኪሱም ተፈትሿል፣ አሁንም እስር ቤት ነው። ጥያቄ ካለህ ኢንቦክስ እንዳትመጣብኝ፣ ግሩፑ ላይ ጠይቅ።