ስቱኮ ላሜራ አይደለም!

ኧረ ወገን፣ ይሄን ነገር ካልተናገርነው ያፍነናል። ጎንደር ውስጥ አሮጌ ቮልስ ላሳድስ ብሎ የተነሳ ሰው ገንዘቡን ከስክሶ፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ መኪናው ከላይ ሲያዩት ሙሽራ፣ ከታች ሲያዩት ወንፊት የሚሆንበት ምክንያት አንድ ነው። የዛገው ላሜራ (የአካሉ ብረት) ሳይቆረጥ ስቱኮ (ጉድለት መሙያ ሊጥ) ይለጠፍበታል፣ ቀለም ይረጭበታል፣ "ጋሼ፣ እንደ አዲስ ሆነልዎት" ይባልና ቁልፉ ይሰጣል። ለጥምቀት ይድረስ፣ ለሰርግ ይድረስ፣ ፋሲል ግንብ በር ላይ ፎቶ ይነሱበት እንጂ ሌላው ሌላ ጊዜ! ፎቶው ያምራል። ሐምሌ ሲገባ በር ሥር ያለው ቀለም ማበጥ ይጀምራል።

መጀመሪያ ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። ጎንደር ባሕር የለ፣ ጨዋማ አየር የለ። ስለዚህ የቮልስ ጣሪያና ኮፋኖ ስንት ዓመት ቆሞ እንኳ ብዙ አይጎዳም። የሚበላው ከውስጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው አቧራ በር ሥር ያሉትን ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይደፍናል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር በተሰነጠቀው የመስኮት ጎማ በኩል የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። እዚያው በር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ወለሉም እንዲሁ ነው፤ ምንጣፉ ሥር ያለው ጨርቅ ውኃ ይጠጣና እስከ ኅዳር አይደርቅም። ሦስተኛው ባትሪው ነው። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ ሲፈስ የሚበላው እዚያው ሥሩ ያለውን ወለል ነው። አሮጌ ቮልስ ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሙን ተዉትና የኋላውን ወንበር አንሱ። በነገራችን ላይ የወንበሩ ሞላ ባትሪው ጫፍ ላይ ካረፈ እሳት ይነሳል፤ ወፍራም ጎማ ከላዩ ማልበስ የደቂቃ ሥራ ነበር፣ የሚያደርገው ግን የለም።

ስቱኮ የተለጠፈበትን ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ትንሽ ማግኔት በስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፓራፋንጎውን (የጎማውን መከለያ) እና የበሩን ታች ዳብሱት። ላሜራ ካለ ይይዛል፣ ወፍራም ስቱኮ ካለ ይወድቃል። ወለሉን ከታች በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ስቱኮ መጥፎ ነገር አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ንጹሕ ብረት ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ፣ ለ100 ግራም 2 ግራም ያህል ማድረቂያ ተደባልቆ፣ የመዶሻ ጠባሳ ለማስተካከል የተሠራ ነው። እኛ ጋ ግን ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ውስጥ ጋዜጣ ይጠቀጠቅና በላዩ አንድ ሳንቲም ሜትር ይለጠፋል። ማድረቂያው በግምት ነው፤ ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ አይደርቅም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስቱኮ ውኃ ይጠጣል። በውኃ ተፈግፍጎ ቀለም ሳይቀባ አንድ ሳምንት ደጅ ላይ ከቆመ ውኃውን ይዞ ቀለሙ ሥር ይታሸጋል። ከዚያ ዝገቱን ማንም አያየውም፣ እሱ ግን ሥራውን ይሠራል።

ትክክለኛው ሥራ መቁረጥ ነው። ዝገቱ እስከሚያልቅበት ድረስ፣ ከዚያም ሁለት ጣት ያህል አልፎ፣ ጤነኛው ብረት ላይ። ቮልስ ላይ ወለሉና በሁለቱ ጎን የሚሄዱት የማሞቂያ አየር ቦዮች ናቸው መኪናውን የሚሸከሙት። ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ ቆርጦ የጣለ ባትላሜራ (የመኪና አካል ሠራተኛ) በማግስቱ በሩ አልዘጋ ሲለው "ማጠፊያው አርጅቷል" ይላል። ማጠፊያው ምን አደረገ? አካሉ እኮ ወገቡ ተቆርጦ ነው የሰመጠው! ከመቁረጥ በፊት የበሩ ክፍተት ውስጥ ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ 20 በ20 ሚሊ ካሬ ብረት በመስቀለኛ ይበየዳል፣ አንዱ ጎን ተቆርጦ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ብቻ ወደ ሌላው ይታለፋል። ካሬ ብረቱ ሲያልቅ ተቆርጦ ይወጣል። ይሄን ለመሥራት ሰነፍ አለመሆን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ላሜራውስ? "ኦርጂናል የለም" የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የለም፣ ልክ ነው። ግን ባለ 200 ሊትር በርሜል ብረት ውፍረቱ 1 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ለወለል ተስማሚ ነው፣ ሲቀጠቀጥም ይታዘዛል። ለፓራፋንጎና ለበር ደግሞ የተጣለ ፍሪጅ በር አለ፤ ቀጭን ነው፣ የመኪናውን ውጫዊ ቆዳ ይስማማል። የሚያደርጉት ግን ምንድን ነው? የቤት ክዳን ቆርቆሮ ደልድለው ወለል ላይ መበየድ! ቆርቆሮው ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም፣ ሰው እግሩን ሲያሳርፍበት ይታጠፋል። በዚያ ላይ የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዘዋል። "ወባ ነው" ብሎ ይተኛል።

በርሜሉን በተመለከተ ግን አደራ። ቤንዚን የነበረበትን አትንኩት። የዘይት በርሜልም ቢሆን በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ በመሮና መዶሻ ነው የሚከፈተው፣ በግራይንደር አይደለም። የመኪናውን የነዳጅ ታንክ "አጥበነዋል" ብሎ ብየዳ የሚያስጠጋ ጋራዥ ካያችሁ ገንዘባችሁን ትታችሁ ሽሹ። የታጠበ ታንክም ይፈነዳል፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ትበቃለች።

ብየዳው ራሱ ሌላ ለቅሶ ነው። ለ1 ሚሊ ላሜራ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ40 እስከ 60 አምፔር ነው ልኩ። ሱቅ ሁሉ ያለው 2.5 እና 3.2 ነው። በያጁ ባለው ይሠራል፣ ላሜራው ይበሳል፣ ቀዳዳውን ለመሙላት ጨምሮ ያቃጥላል፣ መጨረሻ ላይ ማን ይመጣል? ስቱኮ! መብራቱም ሲፈልግ ይወርዳል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ አምፔሩ እየዋዠቀ እጁ የተስተካከለ ሰው እንኳ ያበላሻል። ቢሆንም በየ3 ወይም 4 ሳንቲም ሜትሩ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ጫፍ እየተዘዋወሩ፣ ብረቱ በእጅ እስኪነካ ድረስ እያቀዘቀዙ መሄድ ይቻላል። ከዳር ጀምሮ አንድ መስመር ስቦ የበየደው ላሜራ ተጠማዞ ያብጣል፤ ያንን እብጠት በምን እንደሚያስተካክሉት ታውቃላችሁ።

ትንንሽ ዕቃዎችን፣ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ቅንፍ የመሳሰለውን፣ በግራይንደር እየፈጩ ማቅጠንም ይቅር። ከብት አድላቢዎች የሚገዙት ሞላሰስ አለ አይደል? አንድ እጅ ሞላሰስ በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ በፕላስቲክ በርሜል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት። ይሸታል፣ ጎረቤት ያማርራል፣ ግን ጤነኛውን ብረት ሳይነካ ዝገቱን ብቻ ያነሳዋል። አሉሚኒየምና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ግን አይገቡበትም፣ ይበላቸዋል። የቸኮለ ደግሞ በኤሌክትሪክ ይሥራ። ቤኪንግ ሶዳ ደረቅ ምጣድ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ይታመስ፣ ከዚያ ለ4 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ። የባትሪ ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ዕቃው ላይ፣ ፖዘቲቩ ቁራጭ ፌሮ ላይ። ሁለቱ እንዳይነካኩ! ፌሮው ፊት ለፊት ያለው ጎን ነው የሚጸዳው፣ ስለዚህ ዕቃውን እያገላበጡ ማሳደር ነው። የማይዝግ ብረት በፌሮው ቦታ አይገባም፣ ውኃውን መርዝ ያደርገዋል። ጨውም አይጨመርም፣ ክሎሪን ያወጣል። ከውኃው የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል ደጅ ላይ ይሠራ፣ ሲጋራም ይራቅ። ሞላ በዚህ መንገድ አይጸዳም፤ ብረቱ ይሰባበራል። ከወጣ በኋላ ታጥቦ ደርቆ የዚያኑ ዕለት አንቲረስት ካልተቀባ ለነገ ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

እንዳይዝጉ ተብሎ የማሞቂያ አየር ቦዮቹ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት መርጨት ልማድ ሆኗል። ጎማ ያበላሻል፣ ሞቅ ሲለውም ፈስሶ ያልቃል። የማር ሻጮች የሚጥሉት ሰም እያለን! አንድ እጅ ሰም በሦስት እጅ ንጹሕ ዘይት፣ የፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ቀልጦ፣ ለብ እንዳለ በቀዳዳው ይፈስሳል፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይረጋል።

በእጅ ከተሠሩ ነገሮች ሁሉ ግን ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ከከመነዳሪ (ከውስጥ ጎማ) የተቆረጠ መደገፊያ ለበርና ለአካል መቀመጫ ይሁን፣ ማንም አይከለክልም። ለፍሬን ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ጎማ) እና ለቤንዚን ቱቦ ግን አይሆንም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል። የፍሪጅ መዳብ ቱቦ አጉብጦ የፍሬን መስመር ማድረግም ታይቷል። መዳብ በንዝረት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከጎሐ ቁልቁለት ሲወርዱ ፔዳሉ ወለል ነካ ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ሲያልቅ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰውማ ምን ይባላል? ጎሚኒው ሁሉ አብጦ ፍሬኑ ነክሶ ይቀራል።

ካርቡራተሩን በአጭሩ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ዢግለር (የካርቡራተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። መካኒኮቹ "ቤንዚን አንሶት ነው" ብለው ዢግለሩን በመርፌ ያሰፉታል! መጥበብ ነበረበት። የፑንቲናውንም (ለካንዴላው እሳት ኤሌክትሪኩን የሚከፍት የሚዘጋው) ክፍተት በዓይን ግምት ከማስተካከል አራት ምላጭ ደርባችሁ አስገቡ፤ አንዱ 0.1 ሚሊ ስለሆነ አራቱ ልኩን 0.4 ይሰጣሉ።

አሁን ደግሞ የሚያቃጥለው። በየግቢው ቆሞ ሣር የበቀለበት ቮልስ በኪሎ ለቁራሌው ይሸጣል። በሩ፣ መስኮቱ፣ የመብራት ቀለበቱ፣ ጤነኛው ማጠፊያ ሁሉ ተጨፍልቆ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ከዚያ እኛው ያንኑ ማጠፊያ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያ) ሰው እንልካለን፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ! ሲመጣም የሌላ ሞዴል ይሆናል። የጎማው ብሎን አምስት ከሆነና አራት ብሎን ያለው ሪም ከመጣ ምን ይደረጋል? አንዳንዱ በቶርኖ ያስበሳዋል፤ እሱን ተዉት።

ስለዚህ አዘዞም ሆነ ማራኪ፣ አራዳም ሆነ ቀበሌ 18 ግቢው ውስጥ የቆመ ያለው ሰው ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ፎቶ አንስቶ ይለጥፍልን፤ ቁራሌው ከሚከፍለው በላይ የሚከፍል አይጠፋም። 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ የሚገኝበትን ሱቅ የሚያውቅም ካለ ይንገረን፣ ካርቶኑን ተካፍለን እንገዛለን።