ጸጥታ እስኪመጣማ ማን ይጠብቃል?

ስለ ጸሎት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጸሎት የተወሰነ ሰዓትና ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል ይላል። በሰዓቱ እስማማለሁ። ቤተ ክርስቲያናችንም ከነግህ (ከጠዋት) እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ጸጥታው ላይ ግን ቅር አለኝ።

እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነን። ከላይ ቤት ሙቀጫ ከተነሳ የኛ ጣሪያ አብሮ ይወቀጣል። ታዲያ ጸጥታ ከየት ይምጣ?

ጌታ በማቴዎስ 6፥6 «በርህን ዘግተህ ጸልይ» ሲል ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር አብራችሁ አንብቡት። የነቀፈው ለመታየት ብለው በአደባባይ የሚጸልዩትን ነው እንጂ ስለ ጫጫታ አላነሳም። ጴጥሮስም በስድስት ሰዓት ሊጸልይ ጣራ ላይ ነው የወጣው፣ ያውም ርቦት! (ሐዋ. 10፥9-10) ያን ትልቅ ራእይ ያየውም እዚያው፣ ምሳው እየተሰናዳለት ነው።

ጠዋት የአውቶቡስ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት አያለሁ። መቁጠሪያዋን በነጠላዋ ሸፍና 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች። ረዳቱ ይጮኻል፣ ሰዉ ይጋፋል፣ ጣቷ ግን ከፍሬ ወደ ፍሬ ይሄዳል። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ማንንም አታስቀድምም (እሷም ሰው ናት)። ለእንዲህ ዓይነቷ ምን ትመክራላችሁ? ቀጣዩን ጽሑፍ በዚህ ላይ ብታደርጉት ደስ ይለኛል።