መለዋወጫውን በኪሎ እየሸጥን መለዋወጫ ጠፋ እንላለን

የደሴ ሰው፣ የኮምቦልቻም ሰው፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር እንዳይላችሁ፣ ቁጣው ከራሴ ነው የጀመረው።

ወንድሜ ሆጤ ነው የሚኖረው፣ ባለፈው ደውሎ ቲቪው ድምጽ አለው ምስል የለውም አለኝ። 32 ኢንች ፍላት ነው፣ ዋስትናው ካለቀ ሰነባብቷል፣ ወረቀቱም የት እንደገባ አይታወቅም። በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፒያሳ አካባቢ አንድ የማውቀው ጠጋኝ ልጅ ጋ ወሰድነው። ልጁ ቲቪውን አበራና የሱቁን መብራት አጠፋ፣ የሞባይሉን ባትሪ ስክሪኑ ላይ በጎን ደቅኖ "እትዬ ይዩት እስቲ" አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዜና አንባቢው እዛው ውስጥ አለ፣ እንደ ጥላ ሆኖ አፉ ይንቀሳቀሳል። ለካ ምስሉ አልጠፋም፣ የጠፋው ከኋላ የሚያበራለት መብራት ነው፣ ባክላይት ይሉታል። ቀጫጭን ዘንጎች ላይ ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ተደርድረዋል፣ ተቀጣጥለው በአንድ መስመር ስለሆነ የተያያዙት አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ጭልም ይላል፣ ልክ እንደ ድሮው የገና ዛፍ መብራት። ቦርዱ ደህና፣ ፓኔሉ (ምስሉ የሚወጣበት ስክሪኑ ማለት ነው) ደህና፣ የተበላሸችው ዘንጓ ብቻ ናት።

ዘንጓ ግን የለችም! ደሴን ከሸዋ በር እስከ ሮቢት ጠየቅን የለም፣ ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ጠየቅን የለም፣ መርካቶ ለሚመላለስ ሰው ነገርነውና አመጣልን፣ ምን ዋጋ አለው፣ 32 ኢንች ብለን ስለላክነው 32 ኢንች አመጣ፣ ርዝመቱም አልገጠመ የአምፖሉ ቁጥርም አልገጠመ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ የማይሆን እቃ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም የኛ ነው። ዘንጓ ላይ የታተመ ቁጥር አለ፣ እሱን ፎቶ አንስቶ መላክ ነበር፣ ከቲቪው ጀርባ ያለው ሞዴል ብቻውን አይበቃም፣ ባንድ ሞዴል ስም ውስጡ የተለያየ ፓኔል እየተደረገ ይወጣል። ይሄን አሁን ነው ያወቅኩት፣ ብር ከከፈልኩ በኋላ።

እና ተስፋ ቆርጠን ልንነሳ ስንል ልጁ "እትዬ፣ አምና ልጅዎ በኳስ የሰበረው ቲቪ ከዚህ ጋ መንታ አልነበር እንዴ? እሱስ የት ደረሰ?" አይለኝም?

እሱስ! ለቆራሌው ሸጥኩታ። ከወንድሜ ጋ ባንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ነው የገዛናቸው። የኔው ስክሪኑ ሲሰነጣጠቅ ይኸው ልጅ "ፓኔል መቀየር ከአዲስ ቲቪ አይተናነስም፣ ይተዉት" ብሎኝ ስንጥቁ እንዳይታይ ዳንቴል አልብሼ ኮመዲኖ ላይ ስምንት ወር አቆየሁት፣ ለበዓል ቤት ሳጸዳ ቆራሌው ሲጮህ ሰማሁና ጠርቼ ሰጠሁት፣ የተቀበልኩት ብር አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም። ዘንጎቹ ሳይነኩ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ዋናው ቦርድ፣ ስፒከሩ፣ ሪሞቱ ሳይቀር ጨምሬ! ከተማ ሙሉ ስፈልገው የከረምኩትን እቃ በገዛ እጄ ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የኔ ብቻ ቢሆን አፍሬ ዝም እል ነበር፣ ግን ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ያልሸጠ የለም። በ2014 ጥቅምትና ህዳር በጦርነቱ ያየነውን ታውቁታላችሁ፣ የስንቱ ቤት ቲቪና ፍሪጅ ተጭኖ ሄደ፣ የስንቱ ጠጋኝ ሱቅ ባዶ ቀረ። ሲረጋጋ ብዙዎቻችን እቁብ ጥለንም ተበድረንም ባንድ ሰሞን ገዛን፣ ለዚህ ነው በየቤቱ የማየው እቃ የሚመሳሰለው፣ የኔ ሞዴል የጎረቤቴም ነው፣ አሁን ደግሞ ተከታትሎ እየወደቀ ነው። ዶላሩም ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሄዷል፣ በዚህ ላይ ነጋዴው ለአንድ ለወንድሜ ብሎ ዘንግ አያስመጣም፣ ቶሎ የሚሸጥለትን ቻርጀርና የስልክ መስታወት ነው የሚያመጣው፣ አልፈርድበትም። አውሮፓ ህብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲቪ አምራቹ የሞዴሉን የመጨረሻ እቃ ገበያ ካወጣ በኋላ ቢያንስ 7 ዓመት የተወሰኑ መለዋወጫዎችን እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኛ ጋ እንደዛ የሚል አላየሁም፣ የኛ መጋዘን ያው አልጋችን ስር ነው።

እና አልጋችን ስር ያለውን ምን አደረግነው? ግማሹን ለቆራሌው ሰጠን፣ እሱ ደግሞ እንጀራው ነው፣ መዳቡንና አልሙኒየሙን ለይቶ ቦርዱን ይጥለዋል፣ ኬብሉ ይቃጠላል ጭሱን እኛው እንስበዋለን። ግማሹን ደግሞ "አንድ ቀን አሰራዋለሁ" ብለን ቀብረን ይዘናል፣ አስር ዓመት አይነካም ለማንም አይሰጥም። ወገን፣ ስክሪኑ የተሰበረ ቲቪ የሞተ አይደለም፣ ለሌላ አምስት ቲቪ የሚሆን አካል አለው። ቦርዱ የተቃጠለውም ፓኔሉ ደህና ነው፣ ያ ፓኔል የሚፈልገው ሰው ሰኞ ገበያ ላይ ካጠገባችሁ ሽንኩርት እየመረጠ ሊሆን ይችላል። ከመጣላችሁ በፊት ለጠጋኝ አሳዩት፣ ከቆራሌው የተሻለ ባይከፍላችሁ እንኳ ነገ ፍሪጃችሁ ሲቆም ፊታችሁን ያስታውሳል።

ሌላው ደግሞ ውሸታችን። እቃ ይዘን ስንሄድ "እንዲሁ በተቀመጠበት ጠፋ" ማለት ምን የሚሉት ነው? ሻይ ፈሶበት ነው፣ ልጅ ጥሎት ነው፣ ሌላ ጠጋኝ ከፍቶት ነው፣ ብሎኑ እንኳ ሁለት ጎድሎ! ልጁ ያልሆነ ቦታ ሲፈልግ ይውላል፣ ከዛ "ይሄን ያህል ቀን?" ብለን እንጮህበታለን። ስልክ ውሃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ ቀብሮ ሶስት ቀን መጠበቅም አለ፣ ሩዙ ውስጥ የቀረውን ቆሻሻ አያወጣም፣ በነዛ ሶስት ቀናት ቦርዱ ሲዝግ ይከርማል። ወዲያው አጥፍቶ፣ ቻርጅ ሳያደርጉ፣ በዛው ቀን ከፍቶ በአልኮል ለሚያጸዳ መስጠት ነው። ሩዙን ቀቅላችሁ ብሉት።

ክፍያ ላይማ ተዉኝ። "አስር ደቂቃ ብረት አስነክተህ ይሄን ሁሉ?" እንላለን፣ አስር ደቂቃ እንዲሆንለት ስንት ዓመት እንደፈጀበት አንጠይቅም። አንዳንዱ ደግሞ መለዋወጫ በልጁ ብር ያስመጣና ዘወር ብሎ አያይም፣ የኔ ጠጋኝ መደርደሪያው ላይ ስም የተለጠፈባቸው ስልኮች አቧራ ለብሰው አይቻለሁ። መለዋወጫ ሲጠፋ እያንዳንዷ እቃ እሱ ጋ የታሰረች ብር ናት፣ እቃህን አንሳ አቦ!

እናንተ ጠጋኞችም አታምልጡኝ። ፊውዝ ሲጠፋ በሽቦ አገናኝቶ መስጠት ጥገና አይደለም፣ ቤት ማቃጠያ ነው። ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅመው ትንሽ እቃ) ያበጠበትን ስትቀይሩ ቮልቱ ካነሰ ወይ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችለውን በ85 ከተካችሁት ቶሎ ተመልሶ ይመጣል፣ ካልተገኘና በሚገኘው ከሰራችሁት ንገሩን። የተቃጠለች አንዲት ኤልኢዲ ዘላችሁ አገናኝታችሁ ካበራችሁም ንገሩን፣ ጊዜያዊ መሆኑን እንወቅ፣ ብርሃኑንም ቀንሰን እንይበት። የወጣውን አሮጌ እቃ ደግሞ ለባለቤቱ አሳዩት፣ ሰው "ደህናውን አውጥቶ ሸጠብኝ" እያለ የሚጠረጥረው ስለማያየው ነው። እንደዛ ያደረገብኝም አለ፣ ስሙን አልጠራም።

መብራቱን ታውቁታላችሁ፣ ሄዶ ሲመጣ ቮልቱ ወዲያው አይረጋም። ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፍሪጁን መብራት በመጣ ቅጽበት አትሰኩት፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረግብ ነው። አምስት ደቂቃ ቡና ለመድገምም አይበቃም።

ቲቪው ሆጤ ወንድሜ ሳሎን እንደተሰቀለ ነው፣ ጨለማ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ኳስ በጆሮው ያያል፣ ጎል ሲገባ ማን እንዳገባ ጎረቤት ይጠይቃል። ስክሪኑ የተሰበረ 32 ኢንች ዳንቴል ያለበሳችሁ ካላችሁ ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሱልኝ፣ ቆራሌው ከሰጣችሁ በላይ እከፍላለሁ።