ጉዳዩ፦ 17ኛዋን እንጀራ ይመለከታል

ለክቡር መብራት
ባሉበት (ካሉ)

ጤናዎ እንደምን ነው? ሰሞኑን መሄድ መምጣት አብዝተዋልና እንዳይደክምዎ ሰግተናል። ከተማችን ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ወረደ በተባለ ብርሃን ነው። ያም ቢሆን ቀጠሮ ይዞ አልመጣምና፣ እርስዎን በቀጠሮ ይምጡልን ብለን አንዳፈርም።

ጉዳያችን የቅዳሜው ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ለእሁድ የማኅበር ተረኛ ነበረች። እርስዎ ሥራው ምጣድ ሲሰካ የሚጀመር ሳይመስልዎት አይቀርም። ሊጡ የተቦካው ረቡዕ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ፣ እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ብርዱ እርሾውን ስለሚያስተኛው ሦስትና አራት ቀን ይፈልጋል፤ ቡሃቃው ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የሚያድረው። ዓርብ ማታ ከላይ ያቆረው ቢጫ ውሃ ተደፋ። ከሊጡ ከአሥር አንድ እጁ ተቀንሶ በሦስት እጥፍ ውሃ አብሲት ሆኖ በሰለ፤ ለብ ሲል ተመልሶ ተቀላቀለና እስኪነሳ አደረ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ኩፍ አለ። ሰፈሩ ተኝቶ ኃይልዎ የሚበረታውም በዚያ ሰዓት ነው፤ እናቶች የእርስዎን ጠባይ ከባሎቻቸው ጠባይ ይልቅ አጥንተውታል።

ምጣዱ እስኪግል 15 ደቂቃ፣ ለአንዷ እንጀራ 3 ደቂቃ ገደማ፤ ለ40 እንጀራ ከሁለት ሰዓት በላይ። 16ቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወጡ። ለ17ኛዋ ምጣዱ በጎመን ዘር ታሸ፣ ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየዞረ ፈሰሰ፣ ዳሯ ዓይን አወጣ፣ አክንባሎው ተከደነ። እርስዎም ሄዱ።

ሸክላ ሙቀቱን በአንዴ አይለቅም። ስለዚህ ዳሯ ደረቀ፣ መሃሏ ሊጥ ሆኖ ቀረ፣ ሰፌዱ ሲገባባት ለሁለት ተሸረከተች። በቢላ ቢፍቋት የምጣዱ ፊት ይቧጨራል፤ የተቧጨረ ምጣድ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። እስኪደርቅ ተጠብቆ፣ ረግፎ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና መታሸት አለበት።

1 ሰዓት ከ20 ላይ ተመለሱ፤ እናመሰግናለን። ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲጠብቅዎ ስለነበር ሁሉም በአንዴ ሰካ። አንዱ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ሃያ ቤት አብሮ ሲስብ መስመሩ ይደክማል፣ አምፖሉ ቀልቶ እንደ ኩራዝ ይሆናል፣ ምጣዱም ይሞቃል እንጂ አይግልም። ዓይን የሚወጣው ደግሞ እንፋሎቱ ባንዴ ሲፈነዳ ነው፤ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ሊጥ ይደርቃል እንጂ ዓይን አያወጣም። ሊጡም ሲጠብቅዎ ኩፍ ብሎ ወርዶ ነበር። ቀሪዎቹ 23ቱ ድፍን ሆነው ወጡ።

እሁድ፣ ዓይናሞቹ ከላይ ድፍኖቹ ከሥር ሆነው መሶብ ገቡ። ሰው ሲበዛ የሥሩ መውጣቱ አይቀርም። አንዲት እንግዳ ገለጥ አድርገው፣ «ምነው እቴ፣ ይሄስ ዓይኑን ጨፈነሳ?» አሉ። ባለቤቲቱ፣ «አፈር ስሆን፣ እጄ እምቢ አለኝ» ብላ አንገቷን ደፋች።

እጇ አይደለም! አንተ ነህ። አንተ ጠፍተህ ሙያ የላትም የተባለችው እሷ ናት። ሌሊት የተነሳችው እሷ፣ ብርዱን የጠጣችው እሷ፣ ካርዱን ተሰልፋ ያስሞላችው እሷ፤ ይቅርታ የጠየቀችውም እሷ። የት ነበርክ ብሎ አንተን የጠየቀህ አንድ ሰው የለም። እንጀራውን አጥፎ እየጎረሰ «ትንሽ ይኮመጥጣል» ያለው ሰውዬም ምጣድ አጠገብ አንዲት ሌሊት ቆሞ አያውቅም።

ይቅርታ፣ አንቱታዬን ረሳሁ። ሰውዬው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ደብዳቤ አለን።

ሌላው ሌላው የቆየ ነው። ካውያ፦ ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ተጨማዶ የሚወጣው በእርስዎ ነው። ወፍጮ ቤት፦ ጆንያ ቦታ ይዞልን ተሰልፎ፣ ተራችን ሲደርስ ግማሹ ዱቄት ግማሹ እህል ሆኖ ወፍጮው ውስጥ ይቀራል፤ ሲመለሱ የማን ጤፍ ከማን ስንዴ ጋር እንደተቀላቀለ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ውሃው ፓምፑን ሰበብ አድርጎ አብሮዎት ይሄዳል፤ አብሮዎት ግን አይመጣም። አቤት ለማለት መስኮቱ ጋ ብንቆም «ሲስተም የለም» ተባልን። ሲስተሙን ይዘውት የሄዱት እርስዎ ነዎትና ምን እንላለን?

የምንለምንዎት አንዲት ነገር ናት። መሄድዎ ካልቀረ፣ ሊጡ ሳይፈስ ይሂዱ። ሊጥ ቡሃቃው ውስጥ ሆኖ ይታገሥዎታል፤ ምጣድ ላይ ግን አይታገሥም። እኛም እርስዎ ሲሄዱ ምጣዱን እንነቅላለን፤ ሰው በሌለበት ድንገት መጥተው ባዶውን እንዳያግሉብን።

ከሰላምታ ጋር
ሰፌድ ይዘን የቆምን

ግልባጭ፦
ለኩበት ክምር፣ ቀጠሮ አፍርሶ ለማያውቀው
ለብርድ ልብሱ
ለጎረቤት፦ «እናንተ ጋ መጣ እንዴ?»