የዝምታ አድማጭና የ«ተቀበል!» አድማጭ

ቪየና የሚኖር የደሴ ልጅ አገር ቤት ሲገባ የማይቀርለት ጥያቄ አለ። ዘንድሮ የጠየቁኝ አጎቴ ናቸው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቡና እየጠጣን። «እነዚያ ሰዎች ሙዚቃ ሲሰሙ ትንፍሽ አይሉም አሉ፤ እውነት ነው? የእኛ ጆሮ እኮ ገና አልሰለጠነም።»

ፊተኛው እውነት ነው። የኋለኛው ግን አልዋጥልኝ አለ።

በቪየና ኦፔራ ቤት ከመቀመጫዎቹ ኋላ የቁም ቦታ አለ። ትኬቱ ርካሽ ስለሆነ ተማሪውም ጡረተኛውም እዚያ ይቆማል። ቀድሞ የገባ ሰው ሻርፑን ከፊቱ ባለው ብረት ላይ አስሮ ይወጣል፤ ቦታው ተያዘ ማለት ነው። ያንን ሻርፕ የሚፈታ ደፋር እስካሁን አላየሁም። ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሙዚቃው አንዴ ከተጀመረ ሳል እንኳ ነውር ነው። ሲምፎኒ የሚሉት ረጅም የኦርኬስትራ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ የተፈጸመ መስሎት ያጨበጨበ ሰው፣ ጎረቤቱ አንገቱን አዙሮ የሚያየው አስተያየት ለዓመት ይበቃዋል።

ሥርዓቱ ግን ከሙዚቃው ጋር አብሮ አልተወለደም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ውስጥ አዲስ ሲምፎኒ አሰምቶ ለአባቱ ደብዳቤ ጽፏል። አድማጩ ገና በመጀመሪያው ክፍል መሃል ላይ በጭብጨባ እንዳቋረጠው የሚተርከው በኩራት ነው። የትኛዋ ቦታ እንደምታስጨበጭብ ቀድሞ ስላወቀ መጨረሻው ላይ ደግሟታል! ከደስታው ብዛት ሲወጣ አይስክሬም በላ። እነዚያ ፓሪሶች ዛሬ ቪየና ቢመጡ ያቺ አስተያየት አትቀርላቸውም ነበር። አዳራሹ ጸጥ ረጭ ያለው ኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ዝም ያለ አድማጭ አዝማሪውን ያስከፋዋል። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የሚወረውርለት ሰው ከሌለ ማሲንቆው ምን ይበል? ግጥሙ ግማሽ በግማሽ የአድማጩ ነው። መንዙማም ቢሆን አውራጁ አንድ፣ ተቀባዩ ጀማው ነው፤ ቦታዋን ጠብቆ ያልተቀበለ ሰው ዜማውን ያበላሻል። ይህ ያልሰለጠነ ጆሮ ከሆነ የሰለጠነው ምን ሊሆን ነው? እኔ ቪየና ቆሜ ስሰማ ከአለመሳል በቀር ማንም ምንም አይጠብቅብኝም።

ለአጎቴ ይህን ሁሉ ከማስረዳት ስልኬን አወጣሁ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የእኛው አገር ስሞች ናቸው፦ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን። ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ውስጥ ፒያኖ ያጠናው ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» የተሰኘ የፒያኖ ሥራ አለው። ከፈትኩላቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«አምባሰል ናት» አሉ። «ልጁ ጎበዝ ነው። ግን መሃል መሃል ላይ ትዘላለች።»

ልክ ናቸው። ፒያኖ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እንጂ መንሸራተት የለም። ማሲንቆ ግን ያለችው አንዲት የጭራ ክር ናት፤ ጣት እላይዋ ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ሁሉ ይነካካል። ግርማ ያንን ስስ ነገር በሌላ ውበት ይተካዋል፤ አጎቴ የፈለጉት ግን ያንኑ ነው። ጆሯችን አልሰለጠነም ያሉት እኚሁ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ።

ፈረንጆቹ የሚበልጡን በማስቀመጥ ነው። የሞዛርት ደብዳቤ አለ፤ ቤትሆቨን ተከራይቶ የኖረበት ቤት ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። እኛም ድምፅ መጻፍ ብርቃችን አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ ምልክት እያኖሩ የያሬድን ዜማ ለትውልድ አስተላልፈዋል። የአዝማሪው ምሽት ግን ያ ዕድል አልደረሰውም፤ አጎቴ በወጣትነታቸው የወረወሯቸውን ስንኞች ራሳቸውም አሁን አያስታውሷቸውም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ነው፤ ተማሪው ሁሉ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በኪሱ ይዟል። የአዝማሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ስንኙንና የወረወረውን ሰው መዝግቦ ለማኖር ኦርኬስትራ ማቋቋም አያስፈልግም።