ማስተካከያ፦ ግብርናና ማዕድን ተምታቶብኝ ነበር

ባለፈው ስለ ሰዓሊዎቻችን አጀማመር ስጽፍ አፈወርቅ ተክሌ ግብርና ጥለው ነው ወደ ሥዕል የገቡት ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። ግብርና ጀምሮ የተወው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. 1932 ነው የተወለዱት፣ ገብረ ክርስቶስ ሐረር አፈወርቅ አንኮበር፣ እኔ ላይ የተምታታው እዛ ጋ ይመስለኛል።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. 1947 እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ እዛ ግን እጃቸውን ያዩ መምህራን ወደ ሥዕል ገፏቸው፣ ከዛ ለንደን ስሌድ የሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ሳይሆን መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሳቸው ነው (ይሄንንም አንድ ሰው ኮሜንት ላይ አምታቶት ነበር)። 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ሦስት ክፍል፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ በፎቶ አይገባችሁም።

ገብረ ክርስቶስ ደሞ ሥዕልን ያገኘው ቤቱ ነው፣ አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ላይ የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ከዛ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ተማረ። አብስትራክቱን (ረቂቅ ሥዕሉን) ብቻ አይታችሁ ከፈረንጅ ቀዳ ለምትሉት፣ እስቲ መጀመሪያ ብራናውን አስቡት። የድሮውን ፖስት አርሜዋለሁ።